ጉልብራንድ ሆልቴ ሁለት ጊዜ ተቆጠረ

ቅዳሜ

ዛሬም ጫማውን በር ላይ አወለቀ። ማንም ሳይነግረው። ተረከዙን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ ሁለቱን አጣምሮ አስቀመጠ። እንደዚህ የሚያደርግ ሰው ወይ በደንብ ያደገ ነው ወይ በደንብ የተለማመደ። የትኛው እንደሆነ አላወቅሁም።

ኤሪክ ሆልቴ ይባላል። ልጄ ሊዲያ ልታገባው ትፈልጋለች።

«እትዬ፣ ነገ ሳምንት ሽማግሌ ብልክ ይመቻል?» አለኝ በአማርኛ። ሊዲያ ናት ያስጠናችው። «እትዬ» ሲል አንገቱ ይቀላል።

ይመቻል አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ።

ስለእሱ የማውቀው ይህን ነው። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው። ሥራው የነፋስ ኤሌክትሪክ ማማ ላይ እየወጣ መጠገን ነው። ማማዎቹ ያሉት ሩቅ እርሻ ላይ ስለሆነ ሳምንት ሁለት ሳምንት ወደ ምዕራብ ሄዶ ሆቴል ያድራል። አይጠጣም። ይህን ያለችው ሊዲያ ናት። ሊዲያ ብዙ ነገር ትላለች።

ያልተዋጠልኝ ለሥራ መሄዱ ነው። የሊዲያ አባትም ለሥራ ነበር የሄደው። ዳላስ የጭነት መኪና ሥራ አለ፣ ሦስት ወር ብቻ ነው ብሎ። ሊዲያ ያኔ ሁለተኛ ክፍል ነበረች፤ አሁን ነርስ ናት። እዚያ ሌላ ቤት ሠርቷል፣ ሌላ ልጆች ወልዷል። ይህን የምጽፈው ለማልቀስ አይደለም። ምን እንደምፈልግ ለራሴ እንዲገባኝ ነው። ልጄን ጥሎ የሚሄድ ሰው እጅ እንዳትገባ እፈልጋለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም። ፈረንጅ መሆኑ ጉዳዬ አይደለም።

አገር ቤት ቢሆን ይጠየቃል። ጎረቤት ይጠየቃል፣ እድርተኛ ይጠየቃል። «እነዚህ ሰዎች እንዴት ናቸው?» ከተባለ በሦስተኛው ቀን የአያቱ አያት የሠራው ሁሉ ይወጣል። እዚህ ሚኒሶታ፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ ማንን ልጠይቅ? ከበላዬ የሚኖረውን ሰውዬ በኮቴው እንጂ በስሙ አላውቀውም።

እራት ላይ ዘርህ ከየት ነው አልኩት።

«የመጀመሪያው ከኖርዌይ የመጣው ጉልብራንድ ይባላል፤ የአያቴ አያት ነው» አለ። «ምዕራብ በኩል ባዶ መሬት ይዞ ነው የጀመረው። ከዚያ ወዲህ እዚሁ ነን። የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ ላይ ሁላችንም እንገኛለን።»

የመጨረሻዋን ሲል ሳቀ። ምን አሳቀው? መዝገብ ላይ ካላችሁ ጥሩ። መዝገብ ማንበብ አያቅተኝም።

እሁድ

ከቅዳሴ በኋላ የቤተ ክርስቲያናችንን ሽማግሌ ጋሽ መኮንንን መኪና ማቆሚያው ላይ አገኘኋቸው። ወንድምም አጎትም እዚህ የለኝም፤ በእኔ በኩል ሆነው ሽማግሌዎቹን ይቀበሉልኝ አልኳቸው።

«ደስ ይለኛል» አሉ። «ልጁም ጥሩ ልጅ ነው ይባላል።»

«ማን ነው የሚለው ጋሼ?»

ትንሽ አሰቡ። «ሊዲያ።»

ይኸው ነው እንግዲህ። የከተማው ምስክር ሁሉ አንድ ሰው ነው፤ እሷም ፍቅር ይዟታል።

ከሰዓት በኋላ ስልክ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር። ያረጀ የሴት ድምፅ ነው። ካረን እባላለሁ፣ የኤሪክ አያት ነኝ፣ ዌስት ሴንት ፖል ነው የምኖረው አለች። ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ ተባባልን። ከዚያ ምንም ሳትቆይ፣ የእናትሽ ስም ማን ነው? ከማግባቷ በፊት የነበረው የቤተሰብ ስሟስ? የት ተወለደች? መቼ?

ባንክ የይለፍ ቃሌ የጠፋብኝ ጊዜ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። ልክ ይህንኑ።

«ተሳስተሻል» ብዬ ዘጋሁት።

ከዘጋሁ በኋላ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ሴትዮዋ በእርግጥ አያቱ ትሆናለች። ወይም አያቱ ነኝ የምትል ሌባ ናት። ወይም አያቱም ሌባም ናት። ሦስቱም ይቻላል። ደግሞ እናቴ አግብታ ስሟን አልለወጠችም፤ እኛ ዘንድ ማን ይለውጣል? የአባቷን ስም ይዛ ተወለደች፣ ይዛው ሞተች።

ለሊዲያ አልነገርኳትም።

ሰኞ

ኤሪክ ዛሬ ንጋት ላይ ወደ ምዕራብ ሄደ። ሐሙስ ይመለሳል ተብሏል።

ሻኮፒ ወደ ሥራ ስንሄድ ለጫልቱ ነገርኳት። መጋዘን ውስጥ አንድ ሺፍት ነን፤ መኪናው የእሷ ስለሆነ እሷ ትነዳለች፣ እኔ ጎን ተቀምጬ እሰጋለሁ።

«የምን ቆጠራ?» አለች።

«የድሮ። የሕዝብ ቆጠራ። የአያቱን አያት ልፈልግ ነው።»

«ስታገኚውስ ምን ልትይው ነው? ሞቷልኮ።»

«ሚስቱን ጥሎ ሄዶ እንደሆነ ለማየት ነው።»

ጫልቱ መሪውን እስክታዛባ ሳቀች። «ፀዲ፣ እኛ ጋ ሰባት ቤት የሚቆጠረው ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ነው። አንቺ ከኖርዌይ ጋር ዝምድና አለኝ ብለሽ ሰጋሽ?»

«የዝምድና ነገር አይደለም። መተው ከዘር ይወረሳል።»

«ከዘር ከሆነማ የሊዲያንም ቁጠሪያ። የእሷስ አባት የት ነው ያለው?»

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። እሷም አፏን በእጇ ያዘች። መጋዘኑ ደርሰን ከመኪና ስንወርድ «እህቴ፣ አፌ ነው» አለች።

ይቅርታ የሚያስፈልገው ነገር አልነበረም። እውነቷን ነው። ሊዲያን ግን ከማኅፀን ጀምሮ አውቃታለሁ። የማላውቀው እሱን ነው።

ቀኑን ሙሉ ካርቶን ስገፋ ጉልብራንድ፣ ጉልብራንድ ስል ዋልኩ፤ ስሙ እንዳይጠፋብኝ።

ማክሰኞ

ከሥራ በቀጥታ መሃል ከተማ ላይብረሪ ሄድኩ። ከቤት በሊዲያ ኮምፒዩተር ማየት ይቻላል ይላሉ፤ ግን ኮምፒዩተሩ ያየሁትን ሁሉ ለእሷ ይነግርብኛል።

የቤተሰብ ታሪክ የሚፈልጉ ሰዎች የሚቀመጡበት ክፍል አለ። ኃላፊዋ መነጽሯን ፀጉሯ ላይ ሰክታ መነጽሯን የምትፈልግ ሽበታም ሴት ናት። እንግሊዝኛዬ ከካርቶንና ከመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የተለቀመ ነው፤ ተናግሬ እስክጨርስ ታገሰችኝ። የአገሩ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ነው አለች፤ በየቤቱ እየዞሩ በእጅ የጻፉት ነው። የ1880ውን ከፈተችልኝ።

አገኘሁት። ጉልብራንድ ሆልቴ፣ ገበሬ፣ ሠላሳ አራት ዓመት፣ ኖርዌይ። ከሥሩ ማሪት፣ ሚስት። ከሥሯ ሁለት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ። ያላገባ፣ ያገባ፣ ባሏ የሞተባት የሚሉ ዓምዶች አሉ፤ «ያገባ» ላይ ለሁለቱም ትንሽ ጭረት ተጭራለች። ምን ያህል ደስ እንዳለኝ። አንድ ቤት፣ አንድ ገጽ፣ ሁሉም በየተራው።

ስለመሬቱም ጠየቅኋት። የዳኮታዎች፣ የቀድሞ ነዋሪዎቹ፣ አገር ነበር፣ አባረዋቸው ነው አለች። ገጹ ላይ አንድም ዳኮታ የለም። ኤሪክ «ባዶ መሬት» ነው ያለኝ። እኔ ባዶ መሬት አይቼ አላውቅም። ይህችንም ይዣለሁ።

ልነሳ ስል «ሌላም አለ» አለች ሴትዮዋ።

ያው ዓመት። ያው ሰኔ። ሚኒያፖሊስ፣ ወንዙ ዳር፣ የዱቄት ወፍጮዎቹ አጠገብ። በአንዲት ሴት አከራይነት የወንዶች ማደሪያ ነው፤ ከላይ እስከ ታች የወንድ ስም። መሃሉ ላይ ጉልብራንድ ሆልቴ። ሠላሳ አራት ዓመት። ኖርዌይ። የወፍጮ ሠራተኛ። ተከራይ።

ጭረቷ «ያላገባ» ሥር ናት።

«ሌላ ሰው ነዋ» አልኩ።

«ሊሆን ይችላል» አለች። «ግን በዚህ ስም ሌላ አላየሁም።»

የሚቀጥለውን አሥር ዓመት አምጪልኝ አልኳት። ተቃጥሏል አለች።

«የእነሱ?»

«የሁሉም። የአገሩ መዝገብ ማለት ይቻላል በሙሉ።»

ፊቷን አየሁት። የምትዋሽ አትመስልም። ግን ልክ እኔ የምፈልገው ተቃጠለ? በመሃል መሃል ሚኒሶታ የራሷን ቆጠራ ታካሂድ ነበር፣ የ1885 እና የ1895 አለ፣ ዛሬ ግን ልንዘጋ ነው፣ አርብ ነይ አለችኝ። ሁለቱን ገጾች አትማ ሰጠችኝ። አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳቸው።

አንድ ሰው፣ ሁለት ቤት። አንዱ ጋ ባል፣ አንዱ ጋ ላጤ።

ረቡዕ

ጫልቱ ገጾቹን ሳሳያት ዛሬ አልሳቀችም። መንገዱ ተዘጋግቶ የቆሙ መኪኖች መሃል ገብተን ስለነበር እያገላበጠች አየቻቸው።

«ይሄ ምን አለው?» አለች። «ወንድሜ ኳታር ከሄደ ስንት ዓመቱ። ቀበሌ ሲመጣ እናቴ ‹አለ› ነው የምትል። የት አለ ሲሏት ‹ቤቱ›። የቤት ሰው ነዋ፣ እንዴት ትቀንሰው? ይቺም እንደዚያ ብላ ይሆናል። እሱ ሥራ ወርዶ፣ እሷ እቤት ቆጥራው።»

«ሰኔ ነው ጫልቱ። ገበሬ በሰኔ ወፍጮ ቤት ምን ይሠራል?»

«አዝመራው ጠፍቶበት ይሆናላ።»

«ላጤ ነኝ ማለቱስ?»

«እሱ ነው ያለው ማን አለሽ? አከራይዋ ትሆናለች። የእኔ አከራይ ስለኔ ብትጠየቅ ምን ታውቃለች? ‹ማታ ውሃ ታበዛለች› ነው የምትል።»

ልክ ናት። ሊሆን ይችላል። የቤት ሰው ከቤት ቢርቅም የቤት ሰው ነው። እኛ እንደዚህ ነው የምንቆጥረው፤ ማሪትም እንደዚህ ብትቆጥር አይገርመኝም።

ግን ሥራ ላይ ሌላ ነገር ትዝ አለኝና ቀኑን ሙሉ አልለቀቀኝም። ሊዲያ አሥር ዓመት ሳይሞላት የቆጠራ ወረቀት በፖስታ መጥቶ ነበር። መጀመሪያ መስመር ላይ የጻፍኩት የአባቷን ስም ነው። ከሄደ ሁለት ክረምት አልፎ ነበር፤ ስልኩንም መመለስ ትቷል። መንግሥትን ለማታለል አልነበረም። የቤቱ ሰው ስለሆነ ብቻ እጄ ጻፈው።

የዛሬ መቶ ዓመት አንዲት ሴት ያችን ወረቀት ብታገኝ፣ እዚህ ቤት ባል ነበር ብላ ደስ ብሏት ትነሳለች።

ስለዚህ የማሪት ጭረት ምንም አያረጋግጥልኝም። ሚስት «አለ» አለች ማለት አለ ማለት አይደለም።

ማታ ኤሪክ ለሊዲያ ቴክስት ላከ። ነፋሱ ስለበረታ ማማው ላይ መውጣት አልተቻለም፣ ሥራው አላለቀም፣ እስከ ቅዳሜ እቆያለሁ። የነፋስ ሠራተኛ በነፋስ ምክንያት ቀረ። ሊዲያ ምንም አልመሰላትም። ፈገግ ብላ ስልኩን አስቀመጠችው።

እኔም ያኔ ፈገግ ነበር የምል።

ሐሙስ

ተያዝኩ። ሊዲያ የመኪናዋን ቁልፍ ፍለጋ ቦርሳዬን ከፈተች።

«ማሚ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ወረቀት ነው።»

«ጉልብራንድ? ሲሪየስሊ?» ከዚያ በኋላ ያለው በሙሉ በእንግሊዝኛ ነበር፤ ስትናደድ አማርኛዋ ይጠፋል። ሰዉ ሙሽራ ሲመረምር የወንጀል መዝገብ ያያል፣ ባስ ሲል ፌስቡኩን ያያል፣ አንቺ ግን 1880 ገባሽ አለችኝ። እኔም በአማርኛ መለስኩላት፤ እንደዚህ ነው የምንጣላው፣ እያንዳንዳችን በየቋንቋችን።

«ሁለት ጊዜ ነው የተቆጠረው» አልኳት። «አንዱ ጋ ላጤ ነኝ ብሏል።»

«ሞቷል! የሞተ ሰው ነው!»

«ዘሩ አልሞተም።»

ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። በአማርኛ፣ ቀስ ብላ፣ «እማዬ፣ ኤሪክ አባዬ አይደለም» አለች።

«እሱንም ያኔ እንደ ማንም አይደለም ብዬ ነበር ያገባሁት» አልኳት።

ወረቀቱን እንደነበረ አጥፋ ቦርሳዬ ውስጥ መለሰችው። አልቀደደችውም። ይህችን አይቻለሁ። ቁልፉ ኪሷ ውስጥ ነበር።

አርብ

ዛሬ ሥራ የለኝም። ላይብረሪው ሲከፈት በሩ ላይ ነበርኩ።

ሴትዮዋ አስታወሰችኝ። መነጽሯ ዛሬ አፍንጫዋ ላይ ነው።

የ85ቱን አወጣች። እርሻው ላይ ማሪት አለች። ልጆቹ አሉ፣ አድገዋል። ጉልብራንድ የለም። መስመሩን ሁለት ጊዜ በጣቴ ተከተልኩት፤ ከማሪት ቀጥሎ ትልቋ ልጅ ናት። ማሪት ደክሟት ይሆናል፤ መቁጠሩን ተወችው።

ወንዙ ዳር ያለውን ገጽ ፈለግን። አለ። የሴት ስም አለ፣ ከሥሯ እሱ፣ ከዚያ ሌሎቹ ወንዶች። ያችው አከራይ ናት። ይህ ቆጠራ ማን የማን ምን እንደሆነ አይጽፍም አለችኝ ኃላፊዋ፤ ስም፣ ዕድሜ፣ የትውልድ አገር ብቻ ነው። መጻፍ አያስፈልገውም። በመጀመሪያው ገጽ ከተከራዮቹ መሃል ነበር፤ አሁን ከባለቤቲቱ ቀጥሎ ነው። ወደ ላይ ወጥቷል።

ይኸው። አገኘሁ። ያልኩት ሁሉ ልክ ነበር። ለምን እንደከፋኝ ግን አላውቅም፤ ልክ መሆኔ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ኮቴን ለበስኩ።

«የ95ቱን አታይም?» አለች።

የ95ቱ። እርሻው ላይ የሌላ ሰው ስም ነው ያለው። ሚኒያፖሊስ፣ ያው መንገድ፣ ያው ቤት። መጀመሪያ መስመር፣ ማሪት ሆልቴ። ሥራ፣ ማደሪያ ቤት ታስተዳድራለች። ከሥሯ ጉልብራንድ። ከሥሩ ልጆቹ። ከሁሉም በታች ሰባት ዓመቱ የሆነ ወንድ ልጅ። የድሮዋ አከራይ በመላው ገጽ የለችም።

ሌላም ዓምድ አለ፤ እያንዳንዱ ሰው እዚህ ሰፈር ስንት ዓመት እንደኖረ። ለእሱ አሥራ አምስት። ለእሷና ለትልልቆቹ ልጆች ዘጠኝ። ትንሹ እዚሁ ተወለደ።

እሱ እርሻው አልተመለሰም። እሷ ናት የመጣችው። ልጆቿን ይዛ፣ እርሻውን ለቃ፣ ሌላዋ ሴት ቤት ድረስ። ከዚያ ቤቱም የእሷ ሆነ፣ ስሟም ከላይ ተጻፈ።

ኃላፊዋ ምን አገኘሽ አለችኝ። «ሄዳ አመጣችው» አልኳት። እሷም ጎንበስ ብላ አየችና ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

እኔ ዳላስ አልሄድኩም። በመኪና ምን ያህል እንደሚያስኬድ አይቼ እንኳ አላውቅም። መሄድ እንደሚቻል ማንም አልነገረኝም። ብሄድስ ሰውየውን እፈልገው ነበር? አላውቅም። አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆሜ ሁለት አውቶቡስ አለፈኝ።

ቤት ስደርስ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። አልተመለሰም፤ ተያዘ። የተያዘ ሰው የተመለሰ አይደለም።

ቅዳሜ

ኤሪክ መጣ። ፊቱ በነፋስ ተልጧል፣ ከንፈሩ ደርቋል። ማማው ላይ መዋሉስ እውነት ይመስላል። ሊዲያ ሱቅ ስትወርድ ጠብቄ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

«ጉልብራንድ ሚስቱን ጥሎ ሄዶ ነበር?»

«አዎ» አለ። ዝናብ ጥሎ ነበር ወይ ተብሎ የተጠየቀ ያህል።

«ታውቃለህ?»

«ሁላችንም እናውቃለን እትዬ። በየዓመቱ ስንሰበሰብ ይወራል። ማሪት የብረት ምድጃዋን ጋሪ ላይ ጭና መጥታ የሴትዮዋ ማድቤት መሃል አስቀመጠችው። እሳት አነደደች፣ ለተከራዮቹ ሁሉ ቁርስ ሠራች። እሱ ቁርስ ሊበላ ሲወርድ አያት። አከራይቱ በሳምንቱ ወጣች ይላሉ። እኔ የምድጃው ነገር ተጨምሮበታል ባይ ነኝ፤ አያቴ ግን አትስማማም።»

ሳምንት ሙሉ ተደብቄ የፈለግሁትን ሰዎቹ በበዓል ገበታ ላይ ይስቁበታል።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቁኝም። ዘርህ ከየት ነው ነው ያሉኝ።»

«አያትህስ የእናቴን ስም ምን ልታደርገው ነው?»

አንገቱ ቀላ። «የቤተሰብ ዛፍ ትሠራለች፣ ለሠርጉ። የእናንተንም ወገን ልታስገባ ነው። ዘጋችብኝ ብላ አዝናለች።» «እንደገና ላስቸግራት እፈራለሁ» ብላዋለችም። የእናቴንና የእናቷን ስም፣ የትውልድ ቦታቸውን፣ ወረቀት ላይ ጽፌ ሰጠሁት። ዓመተ ምሕረቱን አልጻፍኩም። ይህን ያህል ይበቃል።

ከሄደ በኋላ ግን የቤተሰቡ ሳቅ ከልቤ አልወጣልኝም። እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይነሳም፤ ከተነሳም ሰው ምግቡን ትቶ ይነሳል። እነሱ ይስቁበታል። መተው የሚያስቅ ከሆነ የሚያስፈራው ምንድን ነው?

ጋሽ መኮንን ጋ ደወልኩ። ነገ መልስ አይስጡልኝ፣ ሌላ ቀጠሮ ይስጧቸው አልኳቸው።

«በወጉም አንድ ጊዜ መመለስ አለ» አሉ። «ለወጉ ነው ወይስ ከልብሽ ነው?»

«ከልቤ ነው ጋሼ።»

«እሺ» አሉ።

እሁድ

መጡ። ሁለት ናቸው። አንደኛው የጫልቱ ባል ቶሌራ፤ ሙሉ ልብስ፣ ነጠላ በትከሻው ላይ። ጫልቱ ሳምንቱን ሙሉ መኪና ውስጥ የሆዴን ስነግራት ባሏ የወንድ ወገን ሽማግሌ መሆኑን አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ይህን ሰኞ በመንገድ ላይ እንነጋገርበታለን። ሁለተኛዋ ካረን ናቸው። ሴት ሽማግሌ መሆኗ ያልተለመደ ነው ብለው ጋሽ መኮንን ጆሮዬ ላይ አንሾካሾኩ፤ ወዲያው ደግሞ ብድግ ብለው ተቀበሏቸው። ሰማንያ ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ባለ ጎማ ምርኩዝ የሚገፉ። ኤሪክ እንደ ወጉ አልገባም፤ ከታች መኪናው ውስጥ ነው። ሊዲያም እንደ ወጉ ማድቤት ናት።

«ተቀመጡ እንጂ» አሉ ጋሽ መኮንን።

«የመጣንበት ሳይሰማ፣ እሺታ ሳናገኝ አንቀመጥም» አለ ቶሌራ። ወጉ ነው። ለካረንም አስቀድሞ ነግሯቸዋል፤ እሺ እስኪሉን አይቀመጡም ብሎ።

ቶሌራ ተናገረ። አሳምሮ ተናገረ። ጋሽ መኮንን መልስ ጀመሩ፤ ከአዳምና ከሔዋን ነው የጀመሩት፣ ሌላ ቀጠሮ ላይ ለመድረስ ረጅም መንገድ ነው። ካረን አንድም ቃል ሳይገባቸው ቀጥ ብለው ያዳምጣሉ። ምርኩዛቸው ላይ ተደግፈው ክብደታቸውን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ያዛውራሉ። ወንበር ከኋላቸው አስጠጋሁ። ወንበሩን አዩት፣ ቶሌራን አዩት።

«ተፈቀደ?» አሉት።

«ገና» አለ።

ወንበሩን ተዉት። ጉልበታቸው ሲብረከረክ በቀሚሳቸው ላይ ይታያል። ጋሽ መኮንን ኖኅ ጋ ደርሰዋል።

መናገር አልነበረብኝም፤ የሴት ወገን እናት በዚህ ሰዓት ዝም ነው የምትል። ግን ተነሳሁ።

«ካረን» አልኩ በእንግሊዝኛዬ። «ኤሪክ ጥሏት ቢሄድ ማን ያመጣዋል?»

ጋሽ መኮንን አቆሙ። ካረን ጥያቄው እንግዳ አልሆነባቸውም። አሰቡበት።

«እኔ አልችልም፤ ጉልበቴን እያየሽው ነው» አሉ። «አይሄድም ብዬ ልማልልሽ? አልምልም። የጉልብራንድ ትንሹ ልጅ፣ ማሪት ሄዳ ካገኘችው በኋላ የተወለደው፣ የባሌ አባት ነው። እሷ ባትሄድ ባሌም አይኖርም፣ ኤሪክም አይኖርም። ስለዚህ ይህን ነገር አንክደውም። እንስቅበታለን እንጂ ቀላል ነው አንልም።»

ያኔ የማድቤቱ በር ተከፈተ።

«ማንም አያመጣውም» አለች ሊዲያ። ሽርጥ ታጥቃለች፣ እጇ እርጥብ ነው። «ማሚ፣ ከሄደ ይሂድ። እኔ ምድጃ ተሸክሜ የትም አልሄድም። ቤቱን የምገዛው እኔ ነኝ፣ የባንክ ብድሩም፣ ሞርጌጁም፣ በስሜ ነው። ቁልፉን ቀይሬ ሥራዬን እሄዳለሁ።»

«ሙሽራ አትናገርም!» አሉ ጋሽ መኮንን።

«ገና እሺ አልተባለም ጋሼ፣ ሙሽራ አይደለሁም።»

ቶሌራ ሳቁን ለመደበቅ ነጠላውን አፉ ላይ አደረገ። ቀስ ብሎ ለካረን ተረጎመላቸው። ካረን ሊዲያን ከእግር እስከ ራሷ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እንደ ማድነቅ ነው።

ሳምንቱን ሙሉ የሚሄደውን ስፈልግ ነበር። የምትቀረዋን አላየኋትም። በየገጹ ማሪት ነኝ ብዬ ስከተል፣ ልጄንም ከእኔ ሥር እንደምትጻፍ መስመር አድርጌ ቆጥሬያት ነበር። ይህች ልጅ ቆማ የምትጠብቅ አይደለችም። ይህን ከማን ተማረችው? ከእኔ ነው ብዬ አልዋሽም።

«ይቀመጡ» አልኳቸው ካረንን።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ካረን እንደገና ቶሌራን አዩ።

«ይቀመጡ አለች እኮ» አለ ቶሌራ፣ እሱም እያመነታ። ወደ ጋሽ መኮንን ዞረ። ጋሽ መኮንን ወደ እኔ ዞሩ።

«ቀጠሮውስ?»

«ሴትዮዋ ደክሟቸዋል ጋሼ።»

«ድካም ነው ወይስ እሺ ነው?»

«እሺ ነው» አልኩ።

ካረን ተቀመጡ። በረጅሙ ተነፈሱና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጋሽ መኮንን ያላለቀ ንግግራቸው እያሳዘናቸው መረቁ። ሊዲያ በመስኮት ለኤሪክ እጇን አወዛወዘችለት፤ ደረጃውን እየሮጠ ሲወጣ ከታች ይሰማ ነበር።

ቀኑ ሲመሽ ሁሉም ሄዱ። እሺ ማለቴን አልጸጸትም። ግን ልቤ አልተኛልኝም፤ አንድ ዓይኗን ከፍታለች። ኤሪክ ነገ ወደ ምዕራብ ይሄዳል። አርብ እመለሳለሁ ብሏል። አርብ ሥራ የለኝም፤ የሳሎኑ መስኮት ደግሞ መኪና ማቆሚያውን ያሳያል።